ግራፊክስ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ወይስ የሌለው? ለእህቴ ልገዛላት ነው

አዘዞ_ነኝ · ትናንት ማታ 1፡20
ሰላም ናችሁ ጎንደሮች። እህቴ ዘንድሮ ማራኪ ካምፓስ ገብታ አካውንቲንግ ጀምራለች እና ላፕቶፕ ግዛልኝ ብላ ሰላም ነስታኛለች፣ እኔ ደግሞ ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ማብራትና ማጥፋት ነው። ዛሬ ፒያሳ ወጥቸ ሁለት ዩዝድ አይቸ መጣሁ። አንደኛው ኮር አይ ፋይቭ 4ኛ ጀነሬሽን፣ 8 ጊጋ ራም፣ 2 ጊጋ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ያለው፣ ወፈር ያለ ከባድ ነገር ነው። ሁለተኛው ኮር አይ ፋይቭ 8ኛ ጀነሬሽን ነው 8250ዩ ይላል፣ ራሙ ያው 8፣ ኤስኤስዲ 256፣ ቀጠን ያለ፣ ግን ካርድ የለውም። ሻጩ «ካርድ የሌለው ለጽሑፍ ብቻ ነው፣ ቪዲዮ ስትከፍትበት ስታክ ያደርጋል» ብሎ ባለ ካርዱን 3 ሺህ ብር አስወድዶ ጠራልኝ። እውነቱን ነው? ነገ ከሰዓት ተመልሸ እመጣለሁ ብየዋለሁ፣ እስከዚያ ንገሩኝ በናታችሁ

ፊፋ_ብቻ · 1፡26
ካርድ ያለውን ግዛ አትጠራጠር። ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ላፕቶፕ አይደለም

ሸዋ_ዳቦ · 1፡31
ለአካውንቲንግ ተማሪ ካርድ ምን ይሠራላታል፣ ዴቢት ክሬዲቱን በስሪዲ ልታየው ነው? ሃሃሃ

ፊፋ_ብቻ · 1፡33
ወንድሟ አይጫወትበትም ያለህ ማነው

ጠጋኙ · 2፡05
ወንድም አዘዞ፣ ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ ትንሽ ይረዝማል ታገሠኝ። ካርድ የለውም ሲሉህ ስዕል የሚያወጣ ክፍል የለውም ማለት አይደለም፣ አለው፣ ፕሮሰሰሩ ማለትም የኮምፒውተሩ ዋና አንጎል ውስጥ ነው ያለው። እኔ ጥገና ስጀምር ይመጡልን የነበሩት ኮር ቱ ዱዎዎች ላይ ፕሮሰሰሩ ለብቻው ነው፣ ራሙን የሚያዘውና ስዕሉን የሚሠራው ቺፕ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ነው፣ ዳታው በሁለቱ መሀል ሲመላለስ ጊዜም ባትሪም ይበላል። ኤኤምዲ በፈረንጅ 2006 ኤቲአይ የሚባለውን የግራፊክስ ካምፓኒ የገዛው ሁለቱን አንድ ላይ ለመሥራት አስቦ ነው። ኢንቴል 2010 ላይ ፕሮሰሰሩንና ግራፊክሱን አንድ ፓኬጅ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው፣ በዓመቱ 2011 ላይ ደግሞ ሁለቱም ካምፓኒዎች አንድ ሲሊከን ላይ አድርገው አወጡት፣ ኢንቴል 2ኛ ጀነሬሽን የምንለው እሱ ነው፣ ኤኤምዲ ደግሞ ኤፒዩ ብሎ ሰየመው። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ውስጥ የምታየው የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ሁሉ ማለት ይቻላል ግራፊክሱን ይዞ ነው የሚመጣው፣ ባለ ካርዱም ራሱ ይሄ አለው፣ ካርዱ ተጨማሪ ነው።

አሁን ወደ ሻጩ ወሬ ልምጣ። ቪዲዮ ስታክ ያደርጋል ያለህ ተገልብጦበት ነው። ዩቲዩብ ቪዲዮውን ጨምቆ ነው የሚልክልህ፣ የመጨመቂያው ዘዴ ኮዴክ ይባላል፣ ድሮ ኤች 264 ነበር አሁን ብዙውን በቪፒ9 ነው። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ካለው ግራፊክስ ጋር ቪዲዮ ለመጨመቅና የተጨመቀውን ለመፍታት ብቻ የተሠራች ክፍል አለች፣ ኮዴኩን የምታውቀው ከሆነ በትንሽ ጉልበት ትፈታዋለች ዋናው ፕሮሰሰር አርፎ ይቀመጣል። የማታውቀው ከሆነ ግን ዋናው ፕሮሰሰር በጉልበት ይፈታዋል፣ ያኔ ነው ፋኑ የሚጮኸው ባትሪው እያየኸው የሚወርደው። 4ኛ ጀነሬሽኑ ቪፒ9ን በወጉ አይፈታም፣ በዚያ ዘመን ላፕቶፕ ላይ ይገቡ የነበሩት 2 ጊጋ ካርዶች አብዛኞቹም አይፈቱም። 8250ዩ ግን ቪፒ9ንም ከኤች 264 ቀጥሎ የመጣውን ኤች 265ንም እስከ 4ኬ ድረስ ይፈታል። እና እህትህ ሌክቸር ዩቲዩብ ላይ ስታይ ስታክ የሚያደርግባት የትኛው እንደሆነ አንተው ፍረድ።

ሌላው ኤሌክትሪኩ ነው። 8250ዩ 15 ዋት ተብሎ የተሠራ ነው፣ አራት ኮር አለው። ያኛው 4ኛ ጀነሬሽን መጨረሻው ላይ ኤም የሚል ፊደል ካለው 37 ዋት ነው ኮሩም ሁለት ነው፣ ካርዱ የሚበላው ደግሞ ሌላ። መብራት በጠፋ ቁጥር ልዩነቱን ታየዋለህ

አካውንቲንግ_ማራኪ · 2፡19
እኔ 3ኛ ዓመት ነኝ እዚያው ማራኪ። ጋሼ ጠጋኙ ያለው ልክ ነው ካርድ በጭራሽ አያስፈልጋትም። እኛ የምንሠራው ኤክሴል፣ ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም፣ ከፍ ሲል ሪሰርች ላይ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም፣ ከዚያ ያው ፒዲኤፍ እና ቴሌግራም ነው። ኤስፒኤስኤስ ራሱ ካርዱን አይነካውም። የሚያስፈልጋት ባትሪ ነው፣ ክላስ ውስጥ ሶኬት አጠገብ ለመቀመጥ በጠዋት የሚደረገውን ሩጫ ካላየህ አታውቀውም፣ ዶርም ደግሞ ስድስት ልጅ አንድ ማከፋፈያ ላይ ተሰክተን ነው የምናድረው። ጓደኛየ ወንድሟ ጌም ይጫወትበት የነበረ ባለ ካርድ ላፕቶፕ ሰጥቷት፣ ቻርጀሩ ብቻውን ጡብ ነው የሚያክለው፣ አሁን ዶርም ትታው በስልኳ ነው የምታነበው

ሸዋ_ዳቦ · 2፡22
ወንድሞች ሁላችንም አንድ ነን ለካ ያረጀብንን ነው ለእህቶቻችን የምንሰጥ

ፍሬም_በፍሬም · 2፡40
ቆይ ቆይ አንድ ወገን ብቻ አታድርጉት። እኔ የሰርግ ቪዲዮ ነው የምሠራ፣ ጥር ሲመጣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ እስከ ጾሙ ድረስ እንቅልፍ የለኝም፣ ጎንደር ውስጥ ያለ ቪዲዮ ኤዲተር ሁሉ ያውቀዋል። ለኛ ካርድ የግድ ነው። ከለር ስትሠራ፣ ኖይዝ ስታጠፋ፣ ስሎው ሞሽን ስትሠራ ያለ ካርድ አይታሰብም፣ ሙሽሮቹ መልስ ሳይደርስ አድርሱልን ይላሉ እኮ

ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አሁን የያዝናቸው ካሜራዎች 10 ቢት 4፡2፡2 በሚባል ብዙ ቀለም በሚይዝ ኤች 265 ነው የሚቀርጹ፣ ይሄን ፋይል ውድ የሚባሉት የኤንቪዲያ ካርዶች ራሱ 2025 ላይ እስከወጣው 50 ሲሪስ ድረስ በሃርድዌር አይፈቱትም ነበር። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የኢንቴል ግራፊክስ ግን ከ11ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ይፈታዋል። እኔ ጋር ትልቅ ዴስክቶፕ አለ፣ ፕሮሰሰሩ መጨረሻው ላይ ኤፍ ያለበት ነው ግራፊክስ የሌለው ማለት ነው፣ ካርዱ አለ የተባለ ካርድ ነው፣ ሆኖም ያንን ፋይል ታይምላይን ላይ ስጎትተው ይንተፋተፋል። ረዳቴ 12ኛ ጀነሬሽን ካርድ የሌላት ላፕቶፕ አለችው፣ ያንኑ ፋይል እሷ ላይ ስንከፍተው ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ ቀሚሷ ሳይቆራረጥ ወረደ። ቆረጣውን እሷ ላይ ጨርሰን ለከለሩ ወደ ዴስክቶፑ እናዞረዋለን። እንግዲህ አንዱ ሌላውን አይተካም

ፊፋ_ብቻ · 2፡44
ኤፍ ያለበት ፕሮሰሰር ግራፊክስ የለውም ስትል ስክሪኑ እንዴት ይሠራል?

ፍሬም_በፍሬም · 2፡46
ካርዱ ላይ ነው ኬብሉን የምሰካው። ካርዱ የተቃጠለ ዕለት ስክሪኑም አብሮ ይጨልማል። ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ላይ ይሄ ፕሮብሌም አይገጥምህም

ጡረተኛው · ዛሬ ጠዋት 12፡50
እንደምን አደራችሁ ልጆቸ። ከእናንተ ወሬ ግማሹ አልገባኝም፣ የገባኝን ይዠ አንድ ነገር ልጠይቅ። ልጄ ከውጭ አገር የላከችልኝ ላፕቶፕ አለች፣ ኤኤምዲ ራይዘን ይላል፣ ካርድ እንደሌለው ጎረቤት ነገረኝ። እሑድ እሑድ ከልጄና ከልጅ ልጆቸ ጋር በቪዲዮ እንነጋገርባታለን፣ ቅዳሴና መዝሙር ደግሞ በኬብል ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሬ እሰማለሁ። እስካሁን አላስቸገረችኝም። ነገር ግን ራሙ 8 ነው ተብየ ስከፍተው «5.9 ዩዜብል» ይላል። ልጄን አታለዋት ይሆን?

ጠጋኙ · 1፡15
እንደምን አደሩ ጋሼ። ኧረ አላታለሏትም። 8 ጊጋው በሙሉ አለ፣ 2ቱን ለግራፊክሱ ቆርጦ አስቀምጦለት ነው። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ግራፊክስ የራሱ ማስታወሻ የለውም፣ ከዋናው ራም ላይ ነው የሚወስደው፣ ራይዘኖቹ ላይ ገና ኮምፒውተሩ ሲነሳ ድርሻው ተቆርጦ ስለሚቀመጥ ነው እንደዚያ የሚልዎት። ኢንቴሎቹ መጀመሪያ ትንሽ ነው የሚቆርጡ ሲያስፈልጋቸው ይጨምራሉ፣ ስለዚህ 7.9 ምናምን ይላሉ። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ባዮስ የሚባለው የመነሻ ሰቲንግ ውስጥ ገብቶ መቀነስ ይቻላል፣ እርስዎ ግን ካላስቸገረችዎ አይንኳት።

ቪዲዮ ሲደውሉም ብዙ ጊዜ ያቺ ማታ ያልኳት ቪዲዮ የምትጨምቀውና የምትፈታው ክፍል ናት የምትሠራው፣ የርስዎን ምስል ጨምቃ ትልካለች የልጅዎን እየፈታች ታሳያለች። ቴሌቪዥን ላይ ማዞሩም ለሷ ቀላል ነው

ጡረተኛው · 1፡22
እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ዕድሜ ይስጥህ።

ኮድ_ጻፊ · 1፡40
እኔ ቴዎድሮስ ካምፓስ ነኝ፣ ማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከዳታ እንዲማር ማድረግ) የሚሠራ ሰው ካለ ይሄን ካርድ አያስፈልግም የሚለውን እንዳይሰማ። ካርዱን ለስሌት የሚያሠራው ኩዳ የሚባለው የኤንቪዲያ ብቻ ነው፣ ብዙው የፕሮግራም ላይብረሪ እሱን ነው የሚፈልግ፣ ኢንቴግሬትድ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ግራፊክስ ላይ ብትሞክረው በፕሮሰሰሩ ነው የሚሠራልህ ሌሊቱን ሙሉ ትጠብቃለህ። እርግጥ እኔ ራሴ ሞዴል ሳሠለጥን ጎግል ኮላብ ላይ ነው የምሠራ ነጻ ጂፒዩ (የግራፊክስ ቺፕ) ይሰጣል፣ ኔት ካለ ማለት ነው

ሸዋ_ዳቦ · 1፡42
ኔት ካለ ሃሃሃሃ

ኮድ_ጻፊ · 1፡45
አትሳቅ። እና ደግሞ አሁን አዳዲሶቹ ላይ ኤንፒዩ የሚባል ለኤአይ ሥራ የተለየ ሦስተኛ ነገር አብሮ እያስገቡ ነው፣ ኢንቴል 2023 መጨረሻ ላይ ኮር አልትራ ብሎ ያወጣቸው ላይ አለ፣ የቪዲዮ ኮል ጀርባህን ማደብዘዝ ምናምን በትንሽ ባትሪ ይሠራል። ሻጮች ግን ኤአይ ላፕቶፕ ነው እያሉ ዋጋ ይቆልላሉ፣ ለተማሪ ለሱ ብላችሁ ብር አትጨምሩ

ፊፋ_ብቻ · 2፡10
እሽ ጋሽ ጠጋኙ፣ ጌምስ? እውነት እንነጋገር፣ 8250ዩ ላይ ፊፋ ይሠራል?

ጠጋኙ · 2፡38
የድሮዎቹ ይሠራሉ፣ ሰቲንጉን ዝቅ አድርገህ። የቅርብ ጊዜዎቹን አትሞክር። ዋናው ነገር ግን ጌም ሳይሆን ራሙ ነው፣ ይሄን ደግሞ አዘዞም ቢሰማው ጥሩ ነው። ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ አንድ ራም ነው የሚጋሩት ብያለሁ፣ ውኃ በመጣ ቀን ሁለት ቤተሰብ አንድ ቦኖ ላይ ጀሪካን ይዞ እንደሚጋፋው ነው። ላፕቶፑ 8 ጊጋ አለው ተብሎ 8ቱ በአንድ ራም ከሆነ ቧንቧው አንድ ነው፣ 2400 ራም ከሆነ በሰከንድ 19 ጊጋባይት አካባቢ ነው የሚያስተላልፍ። ሁለት ራም ሲሆን እጥፍ ይሆናል። ይሄ ኤክሴል ላይ ብዙም አይታወቅህም፣ ስዕል የሚበዛበት ሥራ ላይ ግን ሌላ ላፕቶፕ የገዛህ ይመስልሃል። 11ኛ ጀነሬሽን ላይ ያለው አይሪስ ኤክስኢ የሚባለው ግራፊክስ እንዲያውም ራሙ አንድ ብቻ ሲሆን ስሙን ራሱ ቀይሮ ዩኤችዲ ብሎ ነው የሚታይህ፣ ሰው «አይሪስ ነው ብለው ሸጡልኝ ዩኤችዲ ሆነ» ብሎ እያዘነ ይመጣል፣ አንድ ራም እንጨምርለትና ስሙ ይመለሳል።

ሌላው፣ ከመግዛትህ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ ቆመህ የምታየው፦ ኮንትሮል ሺፍት ኢስኬፕ ተጫን፣ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ ግባ፣ ሜሞሪ የሚለውን ንካ፣ ከታች «ስሎትስ ዩዝድ» ይላል፣ 1 ኦፍ 2 ካለ አንድ ባዶ ቦታ አለ ማለት ነው ወደፊት ራም ትጨምራለህ። 2 ኦፍ 2 ካለ ሁለት ገብቶለታል። አንዳንድ ቀጫጭኖች ላይ ግን ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፣ የሚጨመርበት ቦታ አይኖርም፣ እሱን ሞዴሉን ጽፈህ ላክልኝ አይልሃለሁ። ከዚያ ስልክህ ላይ ሆትስፖት ክፈትለትና ዩቲዩብ ላይ የሆነ ቪዲዮ 1080 አድርገህ ክፈት፣ ታስክ ማናጀሩ ላይ ጂፒዩ 0 የሚለውን ንካ፣ ቪዲዮ ዲኮድ የሚል ግራፍ አለ። እሱ ከፍ ብሎ ሲፒዩው (ዋናው ፕሮሰሰር) ዝቅ ካለ ያቺ ክፍል እየሠራች ነው። ግራፉ ከመሬት ካልተነሳና ሲፒዩው ብቻ ከወጣ ግራፊክሱን የሚያሠራው ድራይቨር አልተጫነም ወይ ኮዴኩን አያውቀውም። ሁለቱንም ላፕቶፕ ጎን ለጎን አድርገህ ሞክረው ሻጩም ይየው

አካውንቲንግ_ማራኪ · 2፡51
ጋሼ ይሄንን ስክሪንሹት አድርጌ ዶርም ልለጥፈው ነው

ፍሬም_በፍሬም · 3፡05
ዩዝድ ባለ ካርድ ስትገዙ ሌላም ነገር አለ፣ ሙቀቱ። ጠጋኙ ንገራቸው እስኪ

ጠጋኙ · 3፡20
አወ። ብዙዎቹ ላይ ፕሮሰሰሩና ካርዱ አንድ የመዳብ ቱቦ ነው የሚጋሩት፣ በአንድ ፋን ነው የሚቀዘቅዙ። ዓመታት ሲሞቅ ሲበርድ ካርዱ ሥር ያሉት የብየዳ ነጠብጣቦች ይሰነጠቃሉ፣ ሙቀት አስተላላፊው ተርማል ፔስትም ይደርቃል። ከፍቸ ሳይ እንደ ጨርቅ የተጋገረ አቧራ ነው ከፋኑ መውጫ የማወጣ፣ አዘዞ መንገድ ላይ የሚውል ሰው ላፕቶፕ ከሆነ አትጠይቁኝ። ካርዱ ሲሞት ስክሪኑ ላይ መስመር መስመር ይመጣል ወይ ጭራሽ አይነሳም፣ መጠገኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከላፕቶፑ ዋጋ ጋር ይቀራረባል። ካርድ የሌለው ላይ የሚሞተው አንድ ነገር ያንሳል

ኮድ_ጻፊ · 3፡31
አንድ ነገር ረሳችሁ። ዊንዶውስ 11 ከ8ኛ ጀነሬሽን ኢንቴል ጀምሮ ነው በይፋ የሚቀበለው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ኦክቶበር 14፣ 2025 ላይ አቁሟል። 4ኛ ጀነሬሽን ገዝታ አራት ዓመት ልትማርበት ነው? ለኔ ክርክሩ እዚህ ላይ አለቀ

ፊፋ_ብቻ · 3፡34
እሽ በቃ ተውኩት። ግን ለጌም ለጌም ካርድ ነው፣ ይሄን ማንም አይነጥቀኝም

አዘዞ_ነኝ · ማታ 12፡45
ቤተሰብ አመሰግናለሁ። ሂጀ መጣሁ። ሻጩ መጀመሪያ ታስክ ማናጀር ስከፍት «ምን ልታደርግ ነው» ብሎ ደንገጥ ብሎ ነበር፣ በኋላ ራሱ ወንበር ስቦ አብሮኝ ቁጭ አለ። አንድ የላሊበላን ቪዲዮ ነው የከፈትነው 1080። ባለ ካርዱ ላይ ሲፒዩው 60 70 ላይ ሲዋልል ነበር ፋኑ ሱቁን ሞላው፣ የጂፒዩ ዲኮድ የምትሉት ዜሮ። ቀጭኑ ላይ ሲፒዩው 10 አካባቢ ሆኖ ቪዲዮ ዲኮዱ ከፍ ብሎ ነበር፣ ጆሮየን አስጠግቸ ነው ፋኑን የሰማሁት። ሻጩ ዝም ብሎ ሁለቱን ሲያይ ቆየና «የኔ ወንድም ይሄንን ነገር ለኔም አስተምረኝ» አለኝ። ቀጭኑን ወሰድሁ፣ መጀመሪያ ከጠራው ላይም ቀነሰልኝ። ባትሪው እሱ እንዳለው 4 ሰዓት ይይዛል፣ እሱን እህቴ ታየዋለች

ስሎትስ ዩዝድ 1 ኦፍ 2 ይላል። እና ጋሽ ጠጋኙ ባዶ ቦታ አለው ማለት ነው አይደል? ዓይነቱ ምን ልበል ስገዛ?

ጠጋኙ · 1፡02
አወ እንኳን ደስ ያለህ። ዲዲአር 4 የላፕቶፕ ራም 8 ጊጋ በል፣ ፍጥነቱ 2400 ወይ 2666 ይሁን፣ 2666ም ቢሆን ዝቅ ብሎ ይሠራል። የዴስክቶፕ ራም እንዳይሰጡህ ረጅም ነው አይገባም። 4 ጊጋም ብትጨምርበት ይሆናል፣ እኩል ባይሆኑም የመጀመሪያው 8 ጊጋ በሁለት ቧንቧ ይሠራልሃል ቀሪው በአንድ ነው። ራስህ ለመክፈት አትሞክር፣ መጀመሪያ ባትሪው ይነቀላል፣ አምጣው ሻይ እስክትጠጣ ይገባል

አካውንቲንግ_ማራኪ · 1፡10
እህትህን ሠላም በልልኝ። ፒችትሪ መጫን ካስቸገራት 3ኛ ዓመቶች ጋ ትምጣ

ሸዋ_ዳቦ · 1፡14
እኔ ጋር ከተበላሸ ላፕቶፕ የወጣ ዲዲአር 4 ባለ 4 ጊጋ አለ 2400 ነው፣ ሠርቶ ነው የተነቀለው። አዘዞ ኢንቦክስ ግባ፣ ለተማሪ ስለሆነ በማኪያቶ ዋጋ ነው የምሰጥህ

አዘዞ_ነኝ · 1፡16
በስንት ማኪያቶ?

ሸዋ_ዳቦ · 1፡17
ኢንቦክስ ነው ያልኩህ ሃሃሃ